ጥቃት አድርሷል የተባለ አባት ልጆቹን እንዲያገኝ ፍርድ ቤት የሚወስነው እንዴት ነው? (ሜሪላንድ)

ታላቅ እህት፦

ሰላም ለሁላችሁ። ምክራችሁን ፈልጌ ነው። ታናሽ እህቴ የምትኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ሁለት ልጆች አሏት፤ ወንዱ 9 ዓመቱ ነው፣ ሴቷ 4። ባለቤቷ ይመታት ነበር። ነገሩ ወደ አደባባይ የወጣው ወንዱ ልጅ ሊገላግል መሀል ገብቶ በቀበቶ ከተመታና አስተማሪው ክንዱ ላይ ሰንበር አይታ ለሕፃናት ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ (ሲፒኤስ) ከደወለች በኋላ ነው። አሁን እህቴ እሱ እንዳይደርስባት የሚከለክል የአንድ ዓመት የፍርድ ቤት ትእዛዝ (ፕሮቴክቲቭ ኦርደር) አላት። እሱ ቤቱን ለቆ ወጥቷል፤ ልጆቹ ከእሷ ጋር ናቸው።

ሰሞኑን ደግሞ እሱ ሮክቪል ሰርኪዩት ኮርት የካስተዲ፣ ማለትም ልጆቹ ከማን ጋር ይኑሩ የሚል ክስ አቀረበ። ልጆቹ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜና እሁድ እሱ ጋ እንዲያድሩ ይጠይቃል። እናትየው ልጆቹን በእኔ ላይ አነሳስታብኛለች፣ የጥቃቱ ክስም ለግሪን ካርድ ተብሎ የተፈጠረ ነው ብሎ ጽፏል። የወንጀሉን ክስ ዐቃቤ ሕግ ዘግቶታል፤ ያንን ወረቀት ይዞ "ነጻ ወጥቻለሁ" እያለ ለዘመድ ሁሉ ያሳያል።

እህቴ እንቅልፍ አጥታለች። ዳኛው የወንጀሉን መዘጋት አይቶ ልጆቹን ይሰጠዋል? ልጁ ችሎት ፊት ቆሞ ሊመሰክር ነው? ሽማግሌዎች "ክሱን አንሺውና እኛ እንጨርሰዋለን" ይሏታል። እናታችን ደግሞ ከአዲስ አበባ በየቀኑ እየደወለች "ልጆቹን ይዘሽ ነይ" ትላታለች። በዚህ ያለፈ ወይም ሕጉን የሚያውቅ ካለ እባካችሁ።

ከዲሲ፦

አይዞሽ እህቴ፣ እግዚአብሔር ይርዳችሁ። ጠበቃ ከሌላት ነገ ዛሬ ሳትይ ሮክቪል ወደሚገኘው የሞንትጎመሪ ካውንቲ ፋሚሊ ጀስቲስ ሴንተር ውሰጃት። የሕግ ምክር፣ የሥነ ልቦና ድጋፍና ፖሊስ በአንድ ጣሪያ ሥር ነው የሚገኘው፤ ገንዘብ አይጠየቅም። አማርኛ አስተርጓሚ ጠይቂላት።

የጠበቃ ረዳት፦

የቤተሰብ ጉዳይ በሚይዝ የጠበቆች ቢሮ ውስጥ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ራሴ ጠበቃ ስላልሆንኩ ይህን ይዛችሁ ጠበቃ ዘንድ ሂዱ።

መጀመሪያ የወንጀሉን መዝገብ ከዚህኛው እንለየው። በወንጀል ችሎት ዐቃቤ ሕግ ጥፋቱን ምክንያታዊ ጥርጣሬ በማይተው ደረጃ ማስረዳት አለበት። የካስተዲ ዳኛ የሚመዝነው ግን "ሆኗል" ከሚለውና "አልሆነም" ከሚለው ማስረጃ የትኛው እንደሚያመዝን ብቻ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ከ2014 ጀምሮ ፕሮቴክቲቭ ኦርደርም የሚሰጠው በዚሁ መመዘኛ ነው። ስለዚህ እህትሽ ያንን ትእዛዝ ያገኘችው ዳኛ ሁለቱንም ወገን ለመስማት ተቀምጦ ከሆነ፣ በእጇ ያለው ትልቅ ነገር ነው። የወንጀል ክስ መዘጋት ማለት ደግሞ ዐቃቤ ሕጉ በዚያ መዝገብ ላለመቀጠል ወሰነ ማለት እንጂ አንድ ዳኛ "ይህ ሰው አልመታም" ብሎ ፈረደ ማለት አይደለም። የካስተዲው ዳኛ ማስረጃውን ከመጀመሪያው ይሰማል።

ቀጥሎ የሜሪላንድ የቤተሰብ ሕግ ክፍል 9-101ን አንብቡ። አጭር ነው፤ እኔ ግን በዚህ ጉዳይ ላይ ከእሱ የሚበልጥ ጽሑፍ አላውቅም። የሚለው እንዲህ ነው። ከተከራካሪዎቹ አንዱ ልጁን እንደጎዳው ወይም ችላ ብሎ ለጉዳት እንዳጋለጠው ለማመን በቂ ምክንያት ካለ፣ ዳኛው ለዚያ ሰው ካስተዲ ወይም ጉብኝት ቢፈቀድለት ጉዳቱ ሊደገም ይችል እንደሆነ መመርመር አለበት። "የመደገም ዕድል የለውም" ብሎ በግልጽ ካልወሰነ በቀር ካስተዲውንም ጉብኝቱንም ይከለክላል። ሕጉ ክፍት የተወው በር አንድ ነው፤ የልጁን አካላዊ፣ ሥነ ልቦናዊና ስሜታዊ ደኅንነት የሚያረጋግጥ፣ ሦስተኛ ሰው የሚከታተለው ጉብኝት።

ብዙ ወገኖቻችን ችሎት የሚገቡት ሰውየው ምን ያህል ክፉ እንደሆነ ለማስረዳት ተዘጋጅተው ነው። የሠርጉ ዕለት ያለው፣ እናቷን የሰደበው፣ ገንዘብ የደበቀው ሁሉ ይዘረዘራል። ዳኛው የሚፈልገው ግን ወደፊት የሚሆነውን ነው፤ እነዚህ ሁለት ልጆች ቅዳሜ ማታ እሱ ቤት ቢያድሩ ምን ይገጥማቸዋል? ለዚያ መልስ የሚሰጠው ቀን ያለው፣ ቦታ ያለው፣ በጊዜው የተጻፈ ነገር ነው። የአስተማሪዋ ሪፖርት፣ የሕፃናት ሐኪሙ መዝገብ፣ የ911 ጥሪ፣ እሱ ራሱ በቫይበር ወይም በቴሌግራም የጻፈው መልእክት። መልእክቱ በአማርኛ ከሆነ ብቃቱ በተረጋገጠ ተርጓሚ ይተርጎም፤ እህትሽ ራሷ ተርጉማ ብታቀርበው ሌላው ወገን ይጥለዋል።

ጥቃቱ በልጁ ላይ ሳይሆን በእናትየው ላይ ከሆነ ደግሞ ክፍል 9-101.1 አለ። አንዱ ወላጅ ሌላውን እንደጎዳ ማስረጃ ሲቀርብ ዳኛው ሊያየው ግድ ነው፤ ጥቃቱ መፈጸሙን ካመነ ልጁንም ተጎጂዋንም በተሻለ የሚጠብቅ አሠራር ማበጀት አለበት። "እሷን እንጂ ልጆቹን አልነካሁም" የሚል ክርክር ሰውየው ቢያመጣ ነገሩን አይዘጋለትም። የእናንተ ጉዳይ ሁለቱንም አንቀጽ ይነካል።

የሲፒኤስን ምርመራ ውጤት ደብዳቤም ጠይቁ። ውጤቱ ከሦስት አንዱ ነው፤ ጥቃት መድረሱን የሚያሳይ በቂ ማስረጃ ተገኝቷል፣ ለማረጋገጥም ለመካድም የሚበቃ ማስረጃ የለም፣ ወይም ጥቃት አልደረሰም። መካከለኛው ሲመጣ ሰዎች ተስፋ ይቆርጣሉ። እሱ "ውሸት ነው" ማለት አይደለም፤ ዳኛውም በሲፒኤስ መደምደሚያ አይታሰርም።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ስልክ ሲደውል በድብቅ እንዳትቀዳው። ሜሪላንድ ውስጥ የግል ንግግርን ያለ ሁሉም ተናጋሪዎች ፈቃድ መቅዳት ወንጀል ነው። ማስረጃ አገኘሁ ብላ ራሷ ተከሳሽ ትሆናለች።

የልጆች አባት፦

ሌላውንም ወገን ስሙ። እኔ ልጁን መታ ተብዬ የተከሰስኩ አባት ነኝ። ሲፒኤስ መርምሮ ጥቃት አልደረሰም ብሎ ዘጋው፤ እስኪያልቅ ድረስ ግን ልጆቼን ያየሁት ክትትል ባለበት ክፍል ውስጥ ነበር፣ ጥግ ላይ የተቀመጠች ሴት እየጻፈች። ውርደቱን ያላየ አያውቀውም። ልጄ "አባዬ፣ ሴትዮዋ ለምን ታየናለች?" ስትለኝ የምመልሰው አልነበረኝም።

ይህን የምለው የዚህችን እህት ጉዳይ ለማጣጣል አይደለም። ሰንበሩን ያየች አስተማሪ አለች፤ ያ ሌላ ነገር ነው። የምለው ፍርድ ቤት ሁለቱንም ለመስማት ጊዜ የሚወስደው በምክንያት ነው። በእኔ ጉዳይ የረዳኝ አንድም ቀጠሮ አለመቅረቴ፣ ስለ እናታቸው አንድ ክፉ ቃል አለመናገሬና ያቺ ሴት የጻፈችው ማስታወሻ ነው። ማስታወሻው ለዳኛው ቀረበ። ቀስ በቀስ ለቀን ተፈቀደልኝ፣ ከዚያ ማደር። ዛሬ ልጆቼ እኔ ቤት ያድራሉ።

እናት ልጆቹን በአባት ላይ የምታነሳሳበት ጊዜም አለ። የለም አትበሉኝ፣ አይቻለሁ።

የጠበቃ ረዳት፦

ወንድሜ፣ ያለፍክበት ከባድ ነው፤ የጻፍከውም ለብዙ አባቶች ትምህርት ነው። ክትትል ያለበት ጉብኝት ቅጣት አይደለም፤ እውነቱ እስኪጣራ ልጁና አባቱ እንዳይጠፋፉ የሚደረግ ነው። ያንተ መዝገብ እንደሚያሳየው ለተከሰሰውም ወገን መከታ ይሆናል።

ማነሳሳት ስላልከው ግን ልጨምር። እዚህ አገር "ፓረንታል ኤሊየኔሽን" የሚባለው ክርክር በካስተዲ ችሎቶች ውስጥ ትልቅ ቦታ አለው። የጆርጅ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲዋ የሕግ ፕሮፌሰር ጆአን ማየር ከባልደረቦቿ ጋር በ2019 ባወጣችው ጥናት 4,338 የፍርድ ቤት ውሳኔዎች ታይተዋል። እናት "ጥቃት አለ" ስትል አባት በምላሹ "ልጆቹን እያነሳሳችብኝ ነው" ካለ፣ ዳኞች የእናትን ቃል የማያምኑበት ዕድል በጣም ይጨምራል የሚል ነው ግኝቱ። ውጤቱን የተቃወሙ ተመራማሪዎች አሉ፤ ክርክሩ አላለቀም። የእኔ አቋም ይህ ነው፦ ሁለቱም ጥያቄዎች እኩል ጊዜ አይነሡም። መጀመሪያ ጥቃቱ ደርሷል ወይስ አልደረሰም የሚለው ይመርመር። ደርሶ ከሆነ ልጁ አባቱን መፍራቱ ምክንያት አለው፤ ማንም አላነሳሳውም።

በዚህ ላይ ደም ፈስሷል። በ2018 ፔንሲልቬኒያ ውስጥ የ7 ዓመት ልጅ፣ ፍርድ ቤት ያለ ክትትል በፈቀደው ጉብኝት ላይ በአባቷ ተገደለች። እናትየው አስቀድማ አስጠንቅቃ ነበር። በ2022 የፌዴራሉ በሴቶች ላይ የሚደርስ ጥቃትን የሚመለከተው ሕግ ሲታደስ በልጅቷ ስም "የካይደን ሕግ" የተባለው ክፍል ተጨመረበት። ክልሎች የቤተሰብ ዳኞቻቸውን ስለ ጥቃት በደንብ እንዲያሠለጥኑ፣ የቀድሞ ጥቃት ማስረጃ እንዲሰሙ፣ ልጁን ከሚያምነው ወላጅ ነጥለው "ከሌላው ጋር እናስታርቀዋለን" የሚሉ ፕሮግራሞችን እንዲገድቡ በገንዘብ ድጋፍ ያበረታታል። አያስገድድም፤ የየክልሉ ምክር ቤት ነው የሚወስነው።

ሽማግሌው፦

ልጆቼ፣ እኔ ብዙ ትዳር አስታርቄያለሁ። ሕጉን አልቃወምም። ነገር ግን ፍርድ ቤት ወረቀት ይሰጣል እንጂ ቤት አይሠራም። ልጆቹ አባት ያስፈልጋቸዋል። ሰውየውን ቁጭ አድርገን፣ በንስሐ አባቱ ፊት እንዳይደግመው አስምለን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቹን እንዲያይ ብናደርግ ምን ክፋት አለው? ጠበቃ የሚበላውን ገንዘብ ለልጆቹ ትምህርት ያውሉት ነበር።

የጠበቃ ረዳት፦

አባቴ፣ በአክብሮት ነው የምመልስልዎ፤ እንዳይቀየሙኝ።

የሜሪላንድ ፍርድ ቤቶች ራሳቸው ሽምግልናን ይወዳሉ። ካስተዲ ሲከፈት ባልና ሚስቱን ወደ አስታራቂ ይልካሉ። ነገር ግን የፍርድ ቤቱ ሥነ ሥርዓት ደንብ 9-205 አንድ ወገን በቅን ልቡና "በመካከላችን ጥቃት አለ፣ ስለዚህ ሽምግልና አይሆንም" ካለ ዳኛው ሽምግልና እንዳያዝዝ ይከለክላል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ሽምግልና የሚሠራው ሁለቱም ያለ ፍርሃት "እምቢ" ማለት ሲችሉ ነው። ሲመታት የኖረው ሰው ፊት ለፊቷ ተቀምጦ እያያት እምቢ አትልም። እርስዎም በሽምግልናዎ ዘመን አንገቷን ደፍታ "እሺ" ያለች ሴት አይተው ያውቃሉ።

ሁለተኛው ለእኔ ከሁሉ ይከብደኛል። ለዓመታት በሽማግሌ "ያለቀ" ነገር ወረቀት ላይ አይገኝም። ሦስት ጊዜ ታርቀው አራተኛው ላይ ስትወጣ፣ የተቃራኒው ጠበቃ "እስከዛሬ የት ነበርሽ? ለምን አንድ ጊዜ እንኳ ለፖሊስ አልደወልሽም?" ይላታል። ሽማግሌዎቹ ግን ያውቁ ነበር! ጥርሷ ተሰብሮ ያዩ አሉ፣ ይቅርታ ሲጠይቅ የሰሙ አሉ። በየመዝገቡ የማየው ይህንን ነው፤ ጉዳዩ የተሸነፈው ችሎት ከመድረሱ በፊት ነው፣ እውነቱን የሚያውቁት ሰዎች ዝም ስላሉ።

ስለዚህ እርስዎና ጓደኞችዎ በእውነት ልትረዱ ብትፈልጉ መንገድ አለ። ያያችሁትን ቀርባችሁ መስክሩ። ሰውየውን ወደ ፍርድ ቤቱ የጥቃት ማቆም ሥልጠና እንዲገባ ምከሩት፤ እየመከራችሁም ተከታተሉት። ለእሷ የቤት ኪራይ አዋጡ፣ ልጆቹን ትምህርት ቤት የሚያደርስ ሰው ፈልጉ። ክሱን አንሺ አትበሏት።

ሽማግሌው፦

የመመስከሩን ነገር አላሰብኩትም ነበር። እኛ ምስጢር ጠባቂ ነን ብለን ነው የምንይዘው። ከጓደኞቼ ጋር እነጋገርበታለሁ።

ዝም ብዬ አንባቢ፦

ይቅርታ፣ ከርዕሱ ትንሽ ልውጣ። እዚህ አገር ልጅ መቆንጠጥም ያሳስራል ይባላል። እናቶች ልጆቻቸውን መገሠጽ ፈርተው ነው የሚኖሩት። ነገ ባሌ ቢጣላኝ "ልጄን በጥፊ መታች" ብሎ ልጆቼን ሊያስወስድብኝ ነው?

የጠበቃ ረዳት፦

ከርዕሱ አልወጣሽም፤ በየጊዜው የሚመጣ ጥያቄ ነው። የሜሪላንድ ሕግ የልጁን ዕድሜና ሁኔታ ያገናዘበ ምክንያታዊ ቅጣትን፣ አካላዊ ቅጣትንም ጨምሮ፣ ጥቃት አይለውም። በቀበቶ ሰንበር ማውጣት፣ ማቃጠል፣ በርበሬ ማጠን፣ ጭንቅላት መምታት ግን "ቅጣት ነው" በሚል አይሸፈንም። "በአገራችን እንዲህ ነው ያደግነው" የሚለው መልስ ችሎት ውስጥ ሲረዳ አላየሁም፤ እንዲያውም ዳኛው "ስለዚህ ወደፊትም ሊደግመው ነው" ብሎ ይረዳዋል።

ልደታ፦

ከአዲስ አበባ ነው የምጽፈው፤ በቤተሰብ ጉዳይ ጠበቃ ነኝ። "ልጆቹን ይዘሽ ነይ" የሚለውን አይቼ ዝም ማለት አልቻልኩም።

እናታችሁ የሚሉት ከፍቅር ነው፤ ግን እህትሽ ይህን ብታደርግ ያላትን ጥሩ ጉዳይ በገዛ እጇ ታፈርሰዋለች። የካስተዲ ክስ ተከፍቶ እያለ ልጆቹን ከአሜሪካ ማውጣት ከ1993 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የፌዴራል ሕግ ወንጀል ሊሆን ይችላል። ሕጉ ከቤት ውስጥ ጥቃት ለሸሸ ሰው መከላከያ ያስቀምጣል፤ ግን ያ በክስ ሂደት የሚነሣ መከራከሪያ እንጂ አስቀድሞ የሚሰጥ ፈቃድ አይደለም። ኢትዮጵያ ከድንበር ማዶ የተወሰዱ ልጆችን ስለመመለስ የተደረገው የ1980ው የሄግ ስምምነት አባል አይደለችም። ይህ አንዳንዱን "እዚህ ከገባን ማንም አይደርስብንም" ያሰኘዋል። እውነቱ ግን እናትየው ወደ አሜሪካ መመለስ የማትችል ተፈላጊ ልትሆን ትችላለች፤ ካስተዲውም በሌለችበት ለአባትየው ሊወሰን ይችላል።

በተቃራኒውም ተጠንቀቁ። አባትየው ልጆቹን ይዞ ቢመጣ የሜሪላንድ ትእዛዝ እዚህ በራሱ አይፈጸምም። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችን የውጭ አገር ፍርድ እንዲፈጸም አቤቱታ መቅረብ አለበት፤ ያ አገር የኢትዮጵያን ፍርድ የሚፈጽም መሆኑም ይታያል። ረጅም መንገድ ነው። ስለዚህ ለልጆቹ ፓስፖርት ሲጠየቅ እናትየው እንድትነገር በአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የልጆች ፓስፖርት ማስጠንቀቂያ መዝገብ ውስጥ ታስመዝግባቸው። ከ16 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ፓስፖርት የሁለቱም ወላጆች ፈቃድ እንደሚጠየቅም አትርሱ። ልጆቹን ከአገር ማስወጣት የሚከለክል ቃል በትእዛዙ ውስጥ እንዲገባ ጠበቃዋ ይጠይቅ።

እግረ መንገዴን የእኛን አገር ላካፍላችሁ፣ እዚህ ሆናችሁ የምታነቡም አላችሁና። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ አንቀጽ 113 ፍርድ ቤቱ ፍቺ ሲወስን የልጆቹን አኗኗርና አጠባበቅ፣ ወላጅና ልጅ የሚጠያየቁበትንም ሁኔታ ይወስናል። የሚያየው የተጋቢዎቹን ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤናና አኗኗር፣ የልጆቹንም ዕድሜና ጥቅም ነው። ሁኔታ ሲለወጥ ውሳኔው ይሻሻላል። ጥቃት ሲኖር ምን ይደረግ የሚለውን ግን አንቀጹ እንደ ሜሪላንዱ 9-101 ለይቶ አይነግረንም። ያንን ክፍተት የምንሞላው በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ነው፤ ሕፃናትን በሚመለከት በሚወሰድ እርምጃ ሁሉ የሕፃኑ ጥቅም በቀዳሚነት ይታሰባል ይላል።

የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 23632 ለዚህ መሠረት ጥሏል። ለዓመታት ልጁን ዘወር ብሎ ያላየ አባት መጥቶ "ሕጉ ሞግዚት አባት ነው ይላል" ሲል፣ ያሳደገችው አክስት ተከራከረች። ችሎቱ የሕፃናት መብቶች ስምምነትንና ሕገ መንግሥቱን ጠቅሶ የልጁ ጥቅም ከአባትነት ማዕረግ ይቀድማል አለ። ጉዳዩ የጥቃት አልነበረም፤ እኔ ግን በጥቃት ጉዳዮች ሁሉ እጠቅሰዋለሁ፣ አባትነት ብቻውን ልጁን የመውሰድ መብት እንደማይሰጥ የሚያሳይ ስለሆነ። በተጨማሪ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 576 ለአካለ መጠን ያልደረሰን ልጅ ማንገላታትን ይቀጣል፤ የዚያ መዝገብ ካለ በቤተሰብ ችሎቱ ማቅረብ ይቻላል። የጎደለን ጉብኝቱን የሚከታተል ቦታና ሰው ነው። ዳኛው "በክትትል ይገናኙ" ቢል ብዙ ጊዜ የሚከታተለው የአባትየው እህት ወይም እናት ናት፤ ልጁ ቢጨነቅ አፏን ሞልታ የምትናገርለት አይደለችም።

አስተርጓሚ፦

በፍርድ ቤቶች አማርኛ አስተረጉማለሁ። ስለ ጉዳዮቹ ይዘት አንድ ቃል አልናገርም፤ ስለ አቀራረብ ግን ልምከር።

የሜሪላንድ ፍርድ ቤቶች አስተርጓሚ በነጻ ይመድባሉ። ቅጹ ከቀጠሮው ቀደም ብሎ ይሞላል። እህትሽ እንግሊዝኛ ብትችልም ትጠይቅ፤ ግሮሰሪ የሚያስገዛ እንግሊዝኛና በጠበቃ መስቀለኛ ጥያቄ ፊት የሚያስቆም እንግሊዝኛ አንድ አይደለም። ያልገባትን "እሺ" ብላ አታልፍ፤ "ይደገምልኝ" ትበል። ልጅን ለእናቱ ማስተርጎም በፍጹም አይሞከር።

ሌላው፣ እኛ በትልቅ ሰው ፊት ዐይን ሰብረን፣ ድምፅ ቀንሰን ነው የምናወራው። እዚህ ያንን እንደ መሸሽ የሚያዩት አሉ። ጠበቃዋ ይህን ቀድሞ ይወቀው።

ታላቅ እህት፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እናቴን የአዲስ አበባውን ጠበቃ መልእክት አነበብኩላት፤ አልቅሳ "በቃ እዚያው ይለቅ" ብላለች።

ጠበቃ አግኝተናል። ዋናው ችሎት እስኪደርስ ድረስ ለሚቆየው ጊዜያዊ ትእዛዝ ቀርበን ነበር። ልጁ አልመሰከረም፤ ዳኛዋ የልጆቹን ጥቅም ብቻ የሚወክል ጠበቃ ሾመችላቸው። ይህ ጠበቃ ልጁን ቤቱ ሄዶ፣ አስተማሪዋን፣ ቴራፒስቱን ያነጋግራል ተባልን። የግሪን ካርዱን ነገር ሲያነሡ ጠበቃችን በዜጋ ወይም በቋሚ ነዋሪ ባል የምትጠቃ ሚስት ባሏ ሳያውቅ በራሷ ስም ማመልከት እንደምትችል ሕጉ ራሱ እንደሚፈቅድ አስረዳ። ዳኛዋም አልቆየችበትም።

ትእዛዙ አባትየው በሳምንት አንድ ጊዜ ክትትል ባለበት ማዕከል እንዲያያቸው ነው። ማደር የለም። የእሱ ጠበቃ እህቱ ትከታተል ብሎ ነበር፤ እሷ ቤት ውስጥ እያለች መምታቱ ስለተነገረ ዳኛዋ አልተቀበለችውም።

አሁን የሚያስጨንቀኝ ወንዱ ልጅ "አልሄድም" ብሏል። ቅዳሜ ሲደርስ ሆዱን ያመዋል። እህቴ ልታስቀረው ፈልጋለች።

የልጆች አባት፦

እህቴ፣ እንደ አባት ልንገርሽ፤ ልጁን ጎትታችሁ አታስገቡት። ግን ትእዛዙንም አትጣሱ።

የጠበቃ ረዳት፦

ትክክል ነው። እህትሽ በራሷ ሥልጣን ካስቀረችው የፍርድ ቤት ትእዛዝ በመጣስ ልትከሰስ ትችላለች፤ "እያነሳሳች ነው" የሚለውንም ክርክር በእጃቸው ትሰጣቸዋለች። ዝም ብላ ትውሰደው ማለቴም አይደለም።

ዛሬውኑ ለልጆቹ ጠበቃ ኢሜይል ይጻፍ፤ ልጁ ያለውን በራሱ ቃል፣ ሳይጨመርበት ሳይቀነስ። የሆድ ሕመሙን ለሐኪሙ ትንገር፤ ይመዘገባል። ቴራፒስቱ ልጁ ለጉብኝት ዝግጁ ነው አይደለም የሚለውን በጽሑፍ ያስቀምጥ። ጠበቃችሁ እነዚህን ይዞ ጉብኝቱ እንዲቆም ወይም በቴራፒስት ፊት እንዲሆን ማመልከት ይችላል። እስከዚያ ማዕከሉ በር ድረስ ይዛው ትሂድ። እዚያ እንቢ ካለ የማዕከሉ ሠራተኛ ያየውን ይጽፋል፤ ብዙ ማዕከሎች የሚያለቅስ ልጅ አስገድደው አያስገቡም። ልጁን "እንዲህ በል" እንዳትለው፤ "አባትህ ደግ ነው፣ ሂድ" ብላም አታግባባው። "የሚሰማህን ለእነሱ መናገር ትችላለህ" ይበቃል።

የመድረሻ ሰዓቱንም ጠይቁ። በደንብ የሚሠሩ ማዕከሎች ሁለቱ ወላጆች በር ላይ እንዳይገናኙ አንዱን ቀድሞ እንዲመጣ፣ ሌላውን ዘግይቶ እንዲወጣ ያደርጋሉ። ፕሮቴክቲቭ ኦርደሩ የሚያበቃበትን ቀንም ከአሁኑ ለጠበቃችሁ አስታውሱት፤ የማራዘሚያው ማመልከቻ ትእዛዙ ከማለቁ በፊት መግባት አለበት።

ታላቅ እህት፦

ኢሜይሉን አሁን አብረን እየጻፍን ነው። ጉብኝቱ ካለፈ በኋላ የሆነውን እዚሁ እጽፋለሁ።